ክፍት ከሆነ ለምን አይበራም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ጀምሯል። ብሬድቦርድ (ሽቦና ዕቃ ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ዕቃ) እና አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) አገናኝቶ አልበራ አለው። አየት አድርጌ «የሆነ ቦታ ሰርኪዩቱ (ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መስመር) ክፍት ነው፣ ፈልገው» አልኩት። «ጋሼ፣ ክፍት ከሆነ ታዲያ ለምን አይበራም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። «ክፍት ሰርኪዩት» ማለት ስህተት ነው እንዴ?

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው። በአማርኛ የተከፈተ ነገር ይሠራል፣ ይፈስሳል፣ ያሳልፋል። «ሬዲዮኑን ክፈተው» ስንል ይናገር ማለታችን ነው። እናት «ማነው ቧንቧውን ክፍት ትቶት የሄደው?» ብላ የምትቆጣው ውሃው ስለሚፈስ ነው። «ቴሌቪዥኑ ክፍት አደረ» ካልን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ «ክፍት» ሲባል ብርሃን ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

የኤሌክትሪክ ሰዎች «ክፍት» የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እዚያ የሚታሰበው ቀለበት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉ ያልገጠመ። ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን መሻገር ስለማይችል ይቆማል። ቃሉን ስንወስድ ቀለበቱን እዚያው ትተነው መጣን። ቀለበቱ ገጥሞ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ የሚባለው «ዝግ»ማ ይብሳል። መንገዱ ዝግ ነው ከተባለ ማን ያልፋል?

ስለዚህ እኔ «ተቋርጧል» እላለሁ። መንገድ ይቋረጣል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ወሬም ይቋረጣል። ማንም ሰው ሲሰማው የሚጠይቀው «የት ጋ?» ብሎ ነው። ብልሽት ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ለተቃራኒው «የገጠመ» ወይም «የተሟላ» ይበሉት።

ለሰርኪዩት ራሱ «ዑደት» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ከግእዙ «ዖደ» የመጣ ነው፤ ዞረ ማለት ነው። ዐውደ ዓመትም ዘሩ ከዚያው ነው። እዚያው ሐዋሳ የቅዱስ ገብርኤልን የታኅሣሥ 19 ንግሥ አይተው ከሆነ፣ ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ፣ ወደ መንበሩ ሲመለስ ዑደት እንደሚባል ያውቃሉ። ኤሌክትሪኩም ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ ሬዚስተሩንና ኤልኢዲውን አልፎ፣ ወደ ኔጌቲቭ ካልተመለሰ ዑደት የለም።

ሌላ የሚያስቸግር ቃል «ኮንታክት» ነው። «ኮንታክት የለውም» ስንል ሽቦው አልነካም ማለታችን ነው። «ኮንታክት ፈጠረ» ስንል ግን መንካት የሌለበት ነካ፣ ሾርት አደረገ ማለት ነው። ሁለቱም ብልሽት ናቸው፣ ግን ተቃራኒ ናቸው። ለጀማሪ «አልነካም» እና «ተነካካ» ብሎ መለየቱ ይቀላል።

በወረቀት ላይ ንድፉን ሲስልም ቋንቋችን ያግዘዋል። ሁለት መስመሮች ተሻግረው መገናኛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ ሽቦዎቹ ተገናኝተዋል። ነጥብ ከሌለ ተላልፈዋል። መንገድ ላይ ሳንገናኝ ስንቀር «ተላለፍን» እንደምንለው ማለት ነው። ጀማሪዎች ነጥቧን ይረሳሉ፤ ከዚያ ንድፉን የሚያይ ሰው የትኛው ከየትኛው እንደተገናኘ ግራ ይገባዋል። ማብሪያ ማጥፊያው ጎንም «ክፍት» ብሎ አይጻፍ፤ «ሲጠፋ»፣ «ሲበራ» ይበል።

አሁን ወደ ልጁ ይመለሱና «ተቋርጧል» ይበሉት፤ «ጋሼ የት ጋ ተቋረጠ?» ብሎ ይጠይቅዎት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጀምሮ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ይሂድ። ኤልኢዲው ተቃጠለ ከማለቱ በፊት ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ በኩል መዞሩን ይይ። ሬዚስተሩንም እንዳያወጣው፤ ለባለ 9 ቮልት ባትሪና ለቀይ ኤልኢዲ 330 ወይም 470 ኦም ይበቃል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የብሬድቦርዱን የዳር መስመር ይመልከት። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ያ ረጅም መስመር መሐሉ ላይ ይቋረጣል፤ የሁለቱን ግማሾች ጫፍ በአጭር ሽቦ ማገናኘት ያስፈልጋል።