ጥያቄና መልስ፦ ለሕንፃው ሲባል የቤተ ክርስቲያኑ ደን ይቆረጥ?

ጥያቄ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወለተ ማርያም ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ ነው። ደቡብ ጎንደር ያለችው የትውልድ አጥቢያዬ ቤተ ክርስቲያኑን በአዲስ መልክ ልታሠራ ተነሥታለች። እኛም እዚህ ያለን የአገር ልጆች እያዋጣን እንልካለን። ሰሞኑን ግን ኮሚቴው ሕንፃውን ለማስፋት በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ጽዶችና ዝግባዎች ሊያስቆርጥ፣ በተረፈው ቦታም ለገቢ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሊተክል ማሰቡን ሰማሁ። ስቃወም አንዱ የኮሚቴ አባል «እግዚአብሔር ምድርን ግዟት ብሎናል፤ ለዛፍ መንሰፍሰፍ አድባር ማምለክ ነው» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ደግሞ «ተፈጥሮን ያስጠፋው ራሱ የክርስትና ትምህርት ነው ተብለን ተምረናል» ትለኛለች። መሃል ላይ ሆኜ ግራ ገብቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

መልስ

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። በቀጥታ ልመልስልሽ። እነዚያ ዛፎች መቆረጥ የለባቸውም። ወንድማችን የጠቀሰው ቃልም ለመጥረቢያ ፈቃድ አይሆነውም።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 28 ላይ ለሰው «ብዙ፣ ተባዙ፣ ምድርንም ሙሉአት፣ ግዙአትም» መባሉ እውነት ነው። ግን ከፍ ብሎ ቁጥር 22ን ያንብብልኝ። «ብዙ ተባዙ» የሚለውን በረከት መጀመሪያ የተቀበሉት በአምስተኛው ቀን የተፈጠሩት የባሕርና የሰማይ ፍጥረታት ናቸው። ሰው የተባረከው ከእነርሱ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድን ፍጥረት ዘሩ እስኪጠፋ መጨረስ እግዚአብሔር የባረከውን መሻር ነው። ወረድ ብሎ ቁጥር 29ን ቢያይ ደግሞ፣ ለአዳም ምግብ ሆኖ የተሰጠው የምድር ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ በምዕራፍ 9 ነው። አዳም ገነት ውስጥ ለምን እንደተቀመጠም በምዕራፍ 2 ቁጥር 15 በግልጽ ተጽፏል፤ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው። የገዢነቱ ሥራ ይኸው ነው። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ዳዊት በመዝሙር 23 «ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር ናት» ብሏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዘዳግም ምዕራፍ 20 ሕግ ነው። እስራኤል ከተማ ከብበው ሲዋጉ እንኳ የጠላትን የፍሬ ዛፍ በምሳር እንዳይቆርጡ ታዘዋል። በጦርነት መሃል፣ ያውም የጠላት ዛፍ! እኛ ታዲያ በሰላም ጊዜ፣ አባቶቻችን ለዘመናት የጠበቁትን፣ ያውም በታቦቱ ስም የተከለለውን እንዴት እንቆርጣለን?

አሁን ወደ አድባሩ ልምጣ። ወንድማችን ያነሣው ነገር ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከዛፍ ሥር ቅቤ መቀባት፣ ቡና ማፍሰስ፣ ስለት ማስገባት በብዙ አካባቢ የኖረ ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ትቃወማለች፣ ያለ ማመንታት። ጌዴዎንም በበኣል መሠዊያ አጠገብ የነበረውን የማምለኪያ ዐፀድ ቆርጧል (መሳፍንት 6)። እርሱ የቆረጠው ግን የሚመለክበትን ነው። በእናንተ አጥቢያ ለጽዱ የሚሰግድ አለ? ሰው እዚያ ሥር የሚቀመጠው ቅዳሴ እስኪገባ ወይም ሰንበቴ ሲጠጣ ነው። የቆሎ ተማሪው ቀለሙን የሚያጠናበት ጥላ ነው። የእግዚአብሔርን ስጦታ ማክበርና ስጦታውን አምላክ ማድረግ ለየቅል ናቸው። አንዳንድ ሰው ሁለተኛውን ሲሸሽ የመጀመሪያውን ይጥላል።

የልጅሽን ጥያቄም አታጣጥዪባት። የተማረችው ነገር ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሊን ዋይት የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ለአካባቢ ቀውሱ ሥር ከሆኑት ነገሮች አንዱ የምዕራቡ ክርስትና ለሰው የሰጠው ቦታ ነው ብሎ ጽፏል። ሰው የፍጥረት ሁሉ ማዕከል ነው፣ ሌላው የተፈጠረው ለእርሱ ጥቅም ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ ነው የሚለው። ክሱ ባዶ አይደለም። ከእርሱ 330 ዓመት በፊት ዴካርት የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ እውቀት ሰዎችን የተፈጥሮ ጌቶችና ባለቤቶች እንደሚያደርጋቸው ጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ከማሽንና ከገበያ ጋር ሲጋባ ምን እንዳመጣ ዓለም እያየ ነው። ነገር ግን ዋይት ራሱ ጽሑፉን የጨረሰው ሃይማኖት ይቅር ብሎ አይደለም። እንስሳትን ወንድሞቼና እኅቶቼ ይል የነበረውን የአሲዚውን ፍራንሲስኮስን አርአያ አድርጎ በማቅረብ ነው። ልጅሽ ይህንንም እንድታነብ ንገሪያት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤቷ አምጪያት። እኛም ያነበብነው ያንኑ ዘፍጥረት ነው። ቅዱስ ያሬድ ግን ዜማውን በዝናምና በአበባ ከፋፍሎ ደረሰው። ከሰኔ 26 ጀምሮ ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ስለ መብረቅና ነጎድጓድ እንዘምራለን። በነሐሴ ደግሞ ዕጓለ ቋዓት የሚባል ክፍል አለ፤ የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት። እስኪ አስቢው፣ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ መቍጠሪያ ውስጥ ለቁራ ጫጩት ቦታ ሰጥታለች! ወላጆቻቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ እግዚአብሔር እንደሚመግባቸው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ስለ አበባ ነው ማኅሌቱ። ካህኑም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ይለምናል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ታውቂዋለሽ፤ አንበሶቹና ነብሮቹ በዙሪያቸው ቆመው፣ ወፏ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። የገዳማቸው የዝቋላ ደን በእሳት በተያያዘ ጊዜ ምእመናን ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጥተው እሳቱን ለማጥፋት ተረባርበዋል። ይህ የሆነው አስተሳሰቡ ከሥዕል ወደ ሰው ልብ ስለወረደ ነው።

በሌላ ባህልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጌዴኦዎች ትልልቅ አገር በቀል ዛፎችን ከእንሰትና ከቡና ጋር አብረው እያሳደጉ፣ በአባቶች ሥርዓት የሚጠበቅ ደንም ይዘው ኖረዋል። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. ያንን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። በእምነት ሥርዓታቸው የማንስማማበት ነገር ቢኖርም፣ መሬትን በመንከባከብ ረገድ ከእነርሱ መማር አያሳፍረንም።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ደኑ ላውራሽ። ኮሚቴው ሳያውቀው የቀረ የሚመስለኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችሁ በልቦለዶቹ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሙያው ደን ነው። በእናንተው ደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቷል። ብዙዎቹ ሰፊ አይደሉም፤ ግን በድምሩ ከ160 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱ ያሳየው ሌላም ነገር አለ። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት አይቆይም። ወይ ወዲያው ይበቅላል ወይ ይሞታል። ይህ ማለት እናት ዛፉ ከተቆረጠ አፈሩ ውስጥ ተጠባባቂ ዘር የለም። «ቆርጠን በኋላ ይበቅላል» የሚለው ተስፋ ለባሕር ዛፍ ይሠራል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና። ለጽድና ለዝግባ ግን አይሠራም።

አንድ ቀን አገር ቤት ስትገቢ ከአሮጌ ዝግባ ሥር ጎንበስ ብለሽ እዪ። በረገፈው ቅጠል መሃል ከጣት የማይበልጡ ችግኞች ታገኛለሽ። ቅጥር በሌለበት ቦታ ግን የምታገኚው የከብት ኮቴ ነው። በሬውና ፍየሉ በሰንበት ሳይቀር ይገባሉ፤ ችግኙን ይረግጡታል ወይም ይግጡታል። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ተተኪ ልጅ ያጣሉ። ለዚህ ነው እነ ዶክተር ዓለማየሁ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት የጀመሩት። ድንጋዩን ገበሬው ከእርሻው ነው የሚለቅመው፤ እርሻውም ይጠራል። ዣራ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን አንዷ ምሳሌ ናት።

ንቡም አለ። በዛፉ ቀዳዳ የሚሰፍረው ንብ የጎረቤቱን ማሳ አበባ ያዳቅላል። ለመሠዊያው የምናበራው ጧፍ የሚሠራበት ሰምም የንብ ነው። ደን የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ እኔም እንደ እነርሱ ነው የማስበው።

ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት አልቆጥረውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ያለ እርሱ ከተማዋ ተነቅላ ሌላ ቦታ ትሄድ ነበር። የገበሬው የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። ግን ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያስበቅልም። ቦታው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ብሎ ነው። አጥቢያው ሌላ መሬት ካላት እዚያ ትትከል።

አንድ የሚያመኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በምዕራባውያን ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይገባንም። ከቅጥሩ ውስጥ ያለውን «የታቦቱ ነው» ብለን ጠብቀን፣ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ተራራ ራቁቱን ያስቀረነው እኛው ክርስቲያኖቹ ነን። ጾመን፣ አስቀድሰን፣ ወጥተን ቆርጠናል። ችግር ያስገደደው ብዙ ነው፤ ማገዶ የሌላት እናት ምን ታድርግ። ቢሆንም እግዚአብሔር ከካቡ ወዲህ ብቻ እንደሚኖር አድርገን ኖረናል። ይህ ለንስሓ አባት የሚነገር ነገር ነው። ንስሓ ስንገባ ዛፍ መቁረጥን አንስቶ የሚያውቅ ስንቶቻችን ነን?

ምን ታድርጊ ወደሚለው ልምጣ። በስልክ መጨቃጨቁን ተዪው። እዚያ ያላችሁ የአገር ልጆች ተሰብስባችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው በአክብሮት ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩ ለሀገረ ስብከቱ ይድረስ። የምትልኩት ብር ሁለት ነገር እንዲጨምር ጠይቁ። አንደኛው የሕንፃው ንድፍ ዛፎቹን እየሸሸ እንዲሠራ ነው። መሐንዲሱ መጥቶ እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ በቀለም ምልክት ያድርግበት፤ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ስፍራ ላይ ማስፋት ይቻል እንደሆነም ይመርምር። ሁለተኛው የካቡ ወጪ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ከእናት ዛፎቹ ሥር ዘር ለቅመው ችግኝ ያፍሉ።

የወደቀና የደረቀ ዛፍ ካለ፣ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ለሕንፃው ወይም ለአብነት ተማሪዎች ማገዶ ቢውል ምንም ነውር የለውም። ያለ ፈቃድ ከቤተ ክርስቲያን ደን ቆርጦ ወደ ቤት መውሰድ ግን ስርቆት ነው፤ እንደዚያው ይነገር።

ገንዘቤን መልሱልኝ ብለሽ ግን አትጠይቂ። በመኮራረፍ የሚመጣ ነገር የለም፤ ቀድሞ የተሰጠ መባ ተሰጥቷል። ኮሚቴው እንቢ ብሎ ቢቆርጥም ከአጥቢያሽ አትራቂ፤ ለሚቀጥለው ሥራ የምትሰጪውን ከካቡና ከችግኙ ጋር አያይዘሽ ስጪ። ልጅሽንም ደብዳቤውን ስትጽፉ አብራችሁ አስቀምጧት፤ የተማረችው ለዚሁ ይጠቅማል።