ጥያቄና መልስ፦ ያለፈቃድ እያተመች አገር ያስነበበችው ደብሊን

ስለ አየርላንድ መጻሕፍት ታሪክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ እዚያ አገር የመጀመሪያው መጽሐፍ መቼ ታተመ?

በ1551፣ ደብሊን ውስጥ። አታሚው ሃምፍሪ ፓወል ይባላል። ከለንደን መንግሥት 20 ፓውንድ መቋቋሚያ ተሰጥቶት የሄደ ሰው ነው። ያተመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አብዛኛው የአገሬው ሰው ደግሞ የሚናገረው አይሪሽ ነበር!

በአይሪሽስ?

እዚያው አየርላንድ ውስጥ በ1571 ታተመ። ለፊደሉ ማስቀረጫ የከፈለችው የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ናት። ለቋንቋው አዝና እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮቴስታንትነትን ለማስፋፋት ነው። ካቶሊኮቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የፍራንሲስካን መነኮሳት በ1611 የራሳቸውን ትምህርተ ክርስቶስ በአይሪሽ አንትወርፕ (የዛሬዋ ቤልጂየም) ላይ አሳተሙ።

ደብሊኖች የመጽሐፍ ሌቦች ነበሩ ይባላል። እውነት ነው?

እኔ ሌባ አልላቸውም። በ1710 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታኒያ የቅጂ መብት ሕግ አየርላንድን አይመለከትም ነበር። ስለዚህ ለንደን ላይ የወጣ መጽሐፍ ደብሊን ሲደርስ የፈለገ ያትመዋል። መጠኑን አሳንሶ፣ ዋጋውን ቀንሶ ይሸጠዋል። አንባቢው ተጠቀመ፤ ደራሲው ግን አምስት ሳንቲም አያገኝም።

የለንደኑ ሳሙኤል ሪቻርድሰን ደራሲም አታሚም ነበር። በ1753 አዲሱን ልብ ወለዱን በራሱ ማተሚያ ቤት በጥንቃቄ ማተም ጀመረ። ምን ዋጋ አለው! ገጾቹ ከጉያው ሾልከው ደብሊን ገቡ። ሠራተኞቼ ጉቦ በልተው ነው አለ። መጽሐፉ ለንደን ገበያ ላይ ሳይወጣ ደብሊኖች አብዛኛውን ለማተም የብረት ፊደል ለቅመው ጨርሰዋል። ሰውዬው በንዴት አቤቱታውን ጽፎ አሳተመ። ይቺኛዋ እንኳ ስርቆት ናት፤ አልከራከርም።

ታዲያ ያ ሁሉ ንግድ ምን በላው?

ሕግ በላው። በ1801 አየርላንድ ከብሪታኒያ ጋር ስትዋሃድ የቅጂ መብት ሕጉም ተከትሎ መጣ። ማተሚያ ቤቶቹ ሥራ ፈቱ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች አሜሪካ ገቡ። የደብሊኑ ጋዜጣ አሳታሚ ማቲው ኬሪ እንኳ ቀድሟቸው ነበር፤ በጋዜጣው ምክንያት ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1784 ፊላደልፊያ ገባ። እዚያም ስመ ጥር አሳታሚ ወጣው።

ሳንሱርስ ነበረ?

ነበረ እንጂ፣ ያውም ከነጻነት በኋላ። በ1929 ሕግ ወጣ፤ ስንቱ ልብ ወለድ ታገደ። በ1967 ሕጉ ሲላላ እገዳ ከ12 ዓመት እንዳያልፍ ተወሰነ።

ደብሊን ልሄድ ነው። ምን ልይ?

ሰው ሁሉ የኬልስ መጽሐፍ የሚባለውን በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ለማየት ትሪኒቲ ኮሌጅ ይሮጣል። እዪው፤ በ800 ገደማ በጥጃ ብራና ላይ የተጻፈ ነው። እኔ ግን በ1707 የተመሠረተውን የማርሽ ቤተ መጻሕፍት አስቀድማለሁ። በሽቦ የታጠሩ ክፍሎች አሉት። ብርቅ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይዞ እንዳይጠፋ እዚያ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። ቼስተር ቢቲ የሚባለውን ሙዚየምም እንዳትዘይው። መግቢያው ነጻ ነው፤ የእኛም የግዕዝ ብራናዎች በስብስቡ ውስጥ አሉ።