ያን ግማሽ ሰዓት እንዳትነካው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለችኝ፤ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረክሁ አሳያለሁ። በቀደም «ሪፊፊ» የሚባለውን የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ከፈትኩላቸው። ሌቦቹ ጌጣጌጥ ቤቱን መዝረፍ ሲጀምሩ ወሬ የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ ግማሽ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ጭጭ። ልጆቹ «ድምፁን መልስ!» እያሉ አፋጠጡኝ። ኮፒው ተበላሽቶ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነው? በትረካ ብሞላውስ?
*ተራኪው፣ ከኮዬ ፈጬ*

መልስ፦ ኮፒህ ደህና ነው ወንድሜ። በትረካ እንዳትሞላው ግን በናትህ!

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዝምታው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ዦርዥ ኦሪክ ለዚያ ክፍል ሙዚቃ አዘጋጅቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን አንዴ ከነሙዚቃው፣ አንዴ ያለ ሙዚቃ አሳየው፤ ኦሪክ ራሱ ሙዚቃው ይቅር አለ። ልክ ነበር። ሌቦቹ ከሱቁ በላይ ካለው ቤት ወለሉን እየፈለፈሉ ነው የሚወርዱት፣ የማንቂያ ደወሉ ደግሞ ትንሽ ንዝረት ከተሰማው ይጮኻል፤ ስለዚህ ተመልካቹም ሳያውቀው ትንፋሹን ይውጣል። ያችን ዣንጥላ ልብ ብለሃታል? በጠባቡ ቀዳዳ ተጣጥፋ ትገባና ከታች ትዘረጋለች፣ ፍርስራሹ መሬት ሳይደርስ እሷ ላይ ይጠራቀማል። ደወሉን ደግሞ በእሳት ማጥፊያ አረፋ ሞልተው ያፍኑታል። ይህንን በቃል ብታስረዳ ምን ይጨመራል? ምንም። እንዲያውም ተመልካቹ በገዛ ዓይኑ የሚደርስበትን ነገር ትቀማዋለህ።

ያንተ ሥራ ከዚያ በፊት ነው። ተመሳሳይ ደወል አምጥተው እንዴት ዝም እንደሚያሰኙት ሲሞክሩ የሚታይበት ክፍል አለ፤ እሱን ጥርት አድርገህ ተርከው። ልጆቹ ደወሉ ምን እንደሚያስጮኸው ካልገባቸው ዝምታው ባዶ ይሆንባቸዋል፣ ከገባቸው ግን ማንም «ድምፁን መልስ» አይልህም። ከዚያ ማይክህን አጥፋ፣ ስፒከሩን ከፍ አድርግ፤ የመዶሻው ድምፅና የሰዎቹ ትንፋሽ ይሰማ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔ ይህን ፊልም ስወድ ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነውና። ዳሲን አሜሪካዊ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮሙኒስትነት የተጠረጠረ ሁሉ በሚታደንበት ዘመን የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ጠቆሙ፣ ሆሊውድም በሩን ዘጋበት። አውሮፓ ሄዶ ለዓመታት ሥራ አጥቶ ከቆየ በኋላ ነው በትንሽ ገንዘብ፣ ያለ ትልቅ ተዋናይ ይህን ፊልም የሠራው። የኦጉስት ለ ብረቶንን ልብ ወለድ ሰጡት፣ መጽሐፉን አልወደደውም፤ እዚያ ትንሽ ቦታ የነበራትን ዘረፋ ግን የፊልሙ እምብርት አደረጋት። በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በዚያው ዓመት የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትን ከሌላ ዳይሬክተር ጋር ተጋራ። ካዝና ከፋቹን ጣሊያናዊ ሴዛርን የሚጫወተውም ራሱ ነው፣ በሌላ ስም። ሴዛር ጓደኞቹን አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ነው፤ የሌቦቹ አለቃ ቶኒም ይገድለዋል። በጥቆማ ከአገሩ የወጣ ሰው የጠቋሚውን ቦታ ለራሱ ወስዶ ሲጫወት ማየት ለእኔ ከዘረፋው በላይ ይከብዳል። እዚህ ጋ የምትተርክ ከሆነ ድምፅህን ዝቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ የቶም ክሩዝ ፊልም አይጠግብም። የዛሬዎቹ የዘረፋ ፊልሞች በሙሉ ከዚያ ከድሮው የፈረንሳይ ፊልም የመጡ ናቸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?
*እናት፣ ከለገጣፎ*

መልስ፦ በሙሉ ማለት ይበዛል እህቴ፤ ከእሱ በፊትም የዘረፋ ፊልም ነበር። የልጅሽ ፊልም ግን ዘሩ በደንብ ይታወቃል። የ«ሪፊፊ» ዳይሬክተር ዳሲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1964 «ቶፕካፒ»ን ሠራ፤ ኢስታንቡል ውስጥ አንዱ ሌባ ወለሉን ላለመንካት በገመድ ከጣሪያ ይወርዳል። «ሚሽን ኢምፖሲብል» መጀመሪያ የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ሲመጣ መነሻው ይኸው ፊልም ነበር፤ በ1996 ደግሞ ቶም ክሩዝ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ላቡን እንኳ ወለሉ ላይ ላለማንጠብጠብ ሲታገል አየነው። ያ ክፍልም ጸጥ ያለ ነው፣ ልብ በይው። ጣሊያኖች ደግሞ «ሪፊፊ»ን በ1958 ቀልድ አደረጉት፤ የእነሱ ሌቦች ግድግዳ ይሰብሩና ራሳቸውን ኩሽና ውስጥ ያገኙታል። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ዣን ፒየር ሜልቪል ደግሞ በ1970 «ለ ሰርክል ሩዥ» ላይ ረጅሙን የጌጣጌጥ ቤት ዘረፋ ያለ አንድ ቃል አሳየ። ልጅሽ አሥራዎቹን ካጋመሰ ከ«ቶፕካፒ» ጀምሪለት፣ ቀለል ያለና የሚያስቅ ነው። «ሪፊፊ» ላይ ግን ሴት ልጅ የሚደበደብበት ክፉ ክፍል አለ፤ መጀመሪያ አንቺ እይው።