ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አእምሮዬ አያርፍም፤ እንደ አጎቴ እሆን ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ከአንደኝነት ወርጄ አላውቅም፤ ሰፈሩም «የቀለም ቀንድ» እያለ ነው ያሳደገኝ። የቀኑን ሥራ በሁለት ሰዓት ውስጥ እጨርሳለሁ፤ ባልደረቦቼ ግን ትዕቢተኛ ነች ይሉኛል። ሌሊት ሐሳብ ሐሳብን እየጠራብኝ እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጠዋት ድክም ብሎኝ ነው የምነሣው። ጓደኛዬ የነገረችኝን ዲያዜፓም የሚባል የማረጋጊያ መድኃኒት እየገዛሁ ማታ ማታ መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። የእናቴ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ሳለ ትምህርት አዙሮት እስከ ዛሬ ቤት ነው። እናቴ መጽሐፍ ቀንሺ ትለኛለች። የማሰብ ችሎታዬን የሚለካ ምርመራ የት አገኛለሁ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መለኪያ ነው፤ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን የሚያስጨንቅዎ ስለ አጎትዎ የጻፉት አንድ መስመር መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር። ትምህርት ሰውን አያሳብድም። ፈጣን አእምሮም በሽታ አይደለም፤ ሐኪሞች በሚሠሩባቸው የበሽታ መዝገቦች ውስጥም የለም።

«ንባብ አዞረው» የሚለው አነጋገር ስንቱን ሕመምተኛ ከሕክምና እንዳስቀረ በየዕለቱ ስለማይ በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። ከባድ የአእምሮ ሕመሞች በአብዛኛው የሚጀምሩት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ጎበዙ ልጅ ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ልጁን ሲሸኝ በእጁ ያየው መጽሐፍ ነበርና፣ ታሞ ሲመለስ ጥፋቱን በመጽሐፉ ላይ ይጥላል። በዚያው ዕድሜ የታመመውን የገበሬ ልጅ ግን «ማረስ አሳበደው» የሚለው የለም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢው በተካሄደው ሰፊ ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የተባሉት ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ያሉባቸው ሲለዩ፣ ነዋሪው በአብዛኛው ከግብርና የሚኖር፣ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠውም ብዙ የነበረበት ሕዝብ ነበር። ሕመሙ ፊደል ቆጣሪን መርጦ አይመጣም። ከዚህም ሌላ፣ ሕመሙ ሲጀምር አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብና መጻፍ ስለሚያበዛ፣ ምልክቱ የነበረው ነገር እንደ መንሥኤ ተቆጥሮ መጽሐፉ ይቃጠላል፤ ሕመምተኛውም ዓመታት ያለ መድኃኒት ይቀመጣል። ጸበል መሄድን አልቃወምም፤ መድኃኒቱን አስቁሞ መሄድን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት መኖሩን አልሸሽግም። ሆኖም የአጎት ሕመም ከወላጅ ወይም ከእህት ወንድም ሕመም ይልቅ ክብደቱ ያነሰ ነው፤ እርስዎም ሕመሙ በብዛት የሚጀምርበትን ዕድሜ እያለፉ ነው።

አንድ ምልክት ግን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ እርሱም እንቅልፍን ማጣት ሳይሆን እንቅልፍን አለመፈለግ ነው። እርስዎ መተኛት ፈልገው ያቅትዎታል፤ ጠዋትም ይደክምዎታል። ይህ የጭንቀት እንቅልፍ ማጣት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት መሐንዲስን ቤተሰቦቹ ይዘውት መጡ። ለአምስት ሌሊት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተኛ ምንም ድካም አልነበረበትም፤ በብብቱ የያዘው ደብተር ከዳር እስከ ዳር፣ በኅዳጉ ሳይቀር፣ በዕቅድ ተሞልቶ ነበር፤ ሲናገር ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ያጠራቀመውን ገንዘብ በሦስት ቀን አጥፍቶታል። ቤተሰቡ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሥራ ወዳድ ሆነ» ብሎ ተደስቶ ነበር። ለቀናት ያለ ድካም መንቃት፣ ከወትሮው የተለየ የንግግር ብዛት፣ መጠን ያጣ ወጪ፣ «ለታላቅ ነገር ተመርጫለሁ» ማለት ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከታየ፣ ሰውዬው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ራሱ «ደኅና ነኝ፣ እንዲያውም እንዲህ ደኅና ሆኜ አላውቅም» ይላችኋል፤ አትመኑት።

ወደ ዲያዜፓሙ ልምጣ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በጓደኛ ምክር! ጓደኛዎ በቅንነት ብትመክርዎም መዘዙን አታውቀውም። ይህ መድኃኒት ከጥቂት ሳምንታት በላይ በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ የትናንቱ መጠን ዛሬ አያስተኛም፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝም ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል። ይህን በማንበብዎ ደንግጠው ዛሬ ማታ ጨርሰው እንዳይጥሉት ደግሞ አደራ እላለሁ፤ በድንገት ሲቋረጥ ከመንቀጥቀጥ አልፎ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። በሐኪም ክትትል፣ በሳምንታት ውስጥ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀነሰው።

መለኪያውን በተመለከተ አጭር ነኝ። የማሰብ ችሎታን የሚለካው ፈተና (አይኪው) አማካይ ውጤቱ 100 ነው፤ 130 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከመቶ ሁለት ሰው ያህል ነው። ሉዊስ ተርማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1921 ከ1,500 በላይ ብሩህ ሕፃናትን መርጦ ለአሥርት ዓመታት ሲከታተል፣ ለመመረጥ የሚያበቃ ውጤት አላመጡም ተብለው ከቀሩት ልጆች ሁለቱ፣ ሾክሌይና አልቫሬዝ፣ በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በስልክ የሚሞላው ፈተና ደግሞ ገንዘብዎን ከመውሰድ በቀር የሚነግርዎ የለም።

የእርስዎ ችግር ቁጥሩን ስላላወቁት አልመጣም። ነገርን ቶሎ ማያያዝዎ፣ ስሕተትን ከሩቅ ማየትዎ እውነተኛ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሁሉ ነገር ያለ ልፋት ይሆንልዎ ስለነበር መሳሳትንና መጠበቅን አልተለማመዱም። ስብሰባ ላይ ባልደረባዎ የጀመረውን ሐሳብ እርስዎ ይጨርሱለታል ብዬ እገምታለሁ፤ ትዕቢተኛ የሚያሰኝዎ ይኸው ነው፤ ልብዎ ግን ትዕቢተኛ አይመስለኝም። እስኪጨርስ ይታገሡ፤ ያሰቡትንም ከመናገርዎ በፊት እርሱ ያለውን መልሰው ይንገሩት። ቅኔ ቤት የገባ ፈጣን ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርብ ነበር፤ ስሕተቱም በጓደኞቹ ፊት ይታረም ነበር። ለእርስዎም እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ያስፈልግዎታል፤ አዲስ ቋንቋም ሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሕፈት፣ ሊያቅትዎ የሚችል ይሁን። ማንበብዎን አይቀንሱ፤ የሚቀነሰው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚጠጡት ቡና ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚያስጨንቅዎን ሁሉ በወረቀት ይጻፉና ወረቀቱን ከመኝታ ቤት ውጭ ይተዉት፤ የተኙበት ሰዓት ምንም ይሁን ምን ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ።

በዚህ ሳምንት የመድኃኒቱን ማሸጊያና የሰባት ቀን የእንቅልፍ ሰዓትዎን በወረቀት ይዘው ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ። አጎትዎም የአእምሮ ሐኪም አይቷቸው የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም መድኃኒት ካቋረጡ ዓመታት ካለፉ፣ ጊዜው አልፏል ሳይሉ በዚያው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ።