ጠይቁን፦ ኦኬ፣ ባክስ፣ የለንደኑ ዳቦ እና የኛ ጃምቦ

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሰላም ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ተነስቶ "ኦኬ የወታደር ቃል ነው፣ የሞተ ሰው ከሌለ ሰሌዳ ላይ ዜሮ እና ኬ (ኪልድ፣ የተገደለ) ይጽፉ ነበር" አለ፣ ቲክቶክ ላይ አይቶት ነው፣ ልጆቹ ሁሉ አመኑት እኔም መልስ አጣሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ሰኞ ስትገባ ንገርልኝ። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጋር ነው፣ ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ኦኬ ግን ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ወጥቷል፣ ጦርነቱ ሊነሳ ገና 22 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በዛን ሰሞን የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ነበራቸው፣ ቃሉን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ይጽፉና የመጀመሪያ ፊደሎቹን ብቻ ያስቀራሉ። ኦል ኮሬክት፣ ሁሉም ልክ ነው እንደማለት፣ በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው፣ እነሱ ኦ እና ኬ አደረጉት፣ ቀልዱም እዛ ላይ ነው፣ "ሁሉም ልክ ነው" የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። ልጆቻችን ቴሌግራም ላይ ቃል እየቆረጡ እንደሚጻጻፉት በለው።

እንደሱ ዓይነት ብዙ ነበር፣ ሌላው ጠፋ፣ ኦኬን ያተረፈው ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዝዳንት ማርቲን ቫን ቡረን እንደገና ሲወዳደር፣ የተወለደው ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ኪንደርሁክ ስለሆነ ደጋፊዎቹ ኦልድ ኪንደርሁክ፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ፣ ብለው በነዛው ሁለት ፊደሎች ክለብ አቋቋሙ። ሰውየው ተሸነፈ፣ ቃሉ ቀረ። ይሄን ሁሉ ከድሮ ጋዜጣ ለቅሞ ያወጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ ነው፣ በ1960ዎቹ፣ እኔ የዚህን ሰው ስራ በጣም ነው የማከብረው ምክንያቱም ወሬ ሳይሆን ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው የፈለገው። ለልጆቹ አንድ ነገር ጨምርላቸው፣ የድሮ የአራዳ ቃል የእንትን ምህጻረ ቃል ነው ሲባሉ መጀመሪያ ይጠራጠሩ፣ አብዛኛው በኋላ የተፈጠረ ነው፣ ኦኬ እውነተኛ ምህጻረ ቃል መሆኑ ራሱ ብርቅ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ፓርኪንግ ነው የምሰራው፣ ሰዎች 20 ባክስ ሲሉ ዶላር እንደሆነ ገብቶኛል፣ መዝገበ ቃላት ግን ወንድ አጋዘን ይላል፣ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ቆዳው ነው እህቴ። በ1700ዎቹ እዛው አሜሪካ የአጋዘን ቆዳ እንደ ገንዘብ ይሰራ ነበር፣ በ1748 ኮንራድ ዋይዘር የሚባል ተደራዳሪ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ሲነጋገር የአንድ በርሜል ውስኪ ዋጋ 5 ባክስ ብሎ ጽፏል። ብዙ የቋንቋ ሰዎች የዶላሩን ስም ከዚህ ነው የሚያመጡት። እኛስ ብር የምንለው ማዕድኑን አይደል፣ ጠገራው ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፣ ወረቀቱን አሁንም ብር እንለዋለን።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ትሪ ሙሉ ሳህን ይዤ በሩን በእጄ ልከፍት ስታገል ሼፉ "ዩዝ ዩር ሎፍ!" ብሎ ጮኸብኝ። ዳቦህን ተጠቀም ማለት ነው፣ እኔ ዳቦ አልያዝኩም፣ ሰደበኝ እንዴ?

መልስ፦ አልሰደበህም፣ ቆጣ ብሎ ጭንቅላትህን አሰራው ነው ያለህ። የምስራቅ ለንደን ሰዎች፣ ኮክኒዎቹ፣ በ1800ዎቹ ያመጡት አነጋገር ነው፣ ቃሉን ይተዉትና ቤት የሚመታለትን ሐረግ ያስገባሉ። ጭንቅላት ሄድ ነው፣ ሎፍ ኦፍ ብሬድ ከሄድ ጋር ቤት ይመታል፣ ከዛ ደግሞ ቤት የሚመታውን ብሬድን ይጥሉትና ሎፍ ብቻ ይቀራል። ቁልፉ የተጣለው ቃል ውስጥ ስለሆነ ነው የውጭ ሰው የሚጠፋበት፣ ስለዚህ አትዘን። ደረጃ ሲሉም አፕልስ ኤንድ ፔርስ ነው፣ ፔርስና ስቴርስ ቤት ስለሚመቱ፣ አንድ ሰው አፕልስ ውጣ ካለህ ወደ ፎቅ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ጃምቦ የምንለው ትልቁን የድራፍት ብርጭቆ ነው። ጓደኛዬ ስዋሂሊ ነው፣ ሰላምታ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ የስዋሂሊው ጃምቦ በርግጥ ሰላምታ ነው፣ የብርጭቆው ግን በእንግሊዝኛ ነው የመጣው። በ1823 ለንደን የታተመ የአራዳ ቃላት መዝገብ ላይ ጃምቦ ግዙፍ፣ እንቅስቃሴው የከበደ ሰው ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን ዓለም ያወቀው ግን በዝሆን ነው፣ በ1865 ለንደን መካነ አራዊት የገባ ጃምቦ የሚባል ዝሆን ነበር፣ የለንደን ልጆች ጀርባው ላይ ወጥተው ያደጉ፣ በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ነጋዴ ባርነም በ10,000 ዶላር ሲሸጥ ሕጻናት ለንግስት ቪክቶሪያ አትሽጡብን ብለው ደብዳቤ ጻፉ፣ አልሆነም። ባርነም በየከተማው ስሙን አስጮኸው፣ ከዛ ወዲህ ትልቅ ነገር ሁሉ ጃምቦ ተባለ፣ አውሮፕላኑም ብርጭቆውም። ዝሆኑ በ1885 ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶት ሞተ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ለጓደኛህ ይሄንንም ንገረው፣ ያ ዝሆን በግልገልነቱ የተያዘው በ1860ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ከአቢሲኒያ ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ ነው።