ግማሹ መልስ እዚህ፣ ግማሹ ኢንቦክስ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ከስራ ወጥቼ ነው ያየሁት። ዲቪ ደርሶኛል፣ እዚህ ግሩፕ ላይ ስጠይቅ ጥሩ አድርጎ ያስረዳኝ ሰውዬ ዲኤስ 260ውን (ዲቪ የደረሰው ሰው የሚሞላውን የቪዛ ፎርም) እኔ ልሙላልሽ፣ ዲቪ ስትሞይ የተሰጠሽን ኮንፈርሜሽን ነምበርና ፓስፖርትሽን በኢንቦክስ ላኪ አለኝ፣ ልላክለት ወይ ነው ያልሽው። ከላይ ያሉት "ሌባ ነው ብሎክ አድርጊው" ብለው አልፈውሻል። እኔ ግን ትንሽ ላስረዝምብሽ፣ ምክንያቱም የኔው ሰውዬ ሌባ አይመስልም ነበር፣ የተበላሁትም ለዛ ነው።

1ኛ. ምክሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሰውየውን እንዳታምኚው። የዲቪ 2023 ነኝ፣ 2014 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው መመረጤን ያየሁት። ያ ሰውዬ የፃፈልኝ በሙሉ እውነት ነበር። 12ኛ ክፍል መጨረስ እንደሚበቃና ዲግሪ ግዴታ እንዳልሆነ፣ የቪዛው 330 ዶላር በነፍስ ወከፍ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ እዛው እንደሚከፈልና ቀድመሽ ላኪ ያለሽ ሁሉ አጭበርባሪ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ስር ስሩ እየገባ ተባረክ ይለው ነበር፣ እኔም ብያለሁ።

2ኛ. መልሱ የት ላይ እንደሚቆም እይ። እኔ የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነው፣ ዲቪ ከሞላሁ በኋላ መስሪያ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ፎርሙ ላይ የቱን ልፃፍ አልኩ። "ያንቺ ኬዝ ይለያል፣ ኢንቦክስ ነይ" አለኝ። ምንም አይለይም! አሁን ያለሽበትን ትፅፊያለሽ፣ የድሮውን ደሞ የቀድሞ ስራ የሚለው ቦታ ላይ ትሞያለሽ፣ አለቀ። ይቺን አንድ መስመር እዛው ቢፅፍልኝ ኖሮ ወደሱ የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም። እስከዛች መስመር ድረስ እርዳታ ነበር፣ ከዛ በኋላ ንግድ ነው፣ እኔ ግን አሁንም እየረዳኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት።

ቢሮው መገናኛ አካባቢ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ "ከግሩፕ ነው በስልክ?" አለችኝ። ከግሩፕ ስላት ስሜን ደብተር ላይ ፃፈችው። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ግሩፕ" የሚል መስመር ተሰምሮ ስሩ ስም በስም ተደርድሯል፣ ከኔ በላይ ያሉትን ሁለቱን አወቅኳቸው፣ እንደኔ ጥያቄ ሲጠይቁ የነበሩ ልጆች ናቸው። እዛ ጋ ነበር ተነስቼ መውጣት የነበረብኝ። ግን ያን ሁሉ ከረዳኝ በኋላ ጥዬው ብወጣ ይሉኝታ ያዘኝ። 6 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ፎርሙን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሞላው። ኢሜይል የሚለው ጋ ሲደርስ የራሱን አስገባ፣ "እኛ እንከታተልልሻለን አንቺ አታስቢ" አለኝ። ዝም አልኩ። የኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን አትርሺ። ከወራት በኋላ ደወለና አንድ ጨዋ ልጅ አለ፣ ወጪሽን በሙሉ ይችልልሻል፣ ባሌ ነው ብለሽ አስገቢው አለኝ። እምቢ አልኩት። ብር በጣም ይቸግረኝ ነበር፣ ግን እምቢ አልኩ፣ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ የውሸት ጋብቻ ከተያዘብሽ ዲቪው መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ አሜሪካ እስከመጨረሻው ልትከለከዪ ትችያለሽ።

ከዛ ፀባዩ ተቀየረ። ስደውል አያነሳም። አንድ ቀን ራሱ ደውሎ "ቀጠሮሽ ወጥቷል፣ 25 ሺህ ብር ይዘሽ ነይ፣ ካልሆነ ቀኑ ያልፍብሻል" አለኝ። የዲቪ ዓመት ሴፕቴምበር 30 እንደሚዘጋና ከዛ በኋላ ወደሚቀጥለው ዓመት እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፣ ያስተማረኝ ራሱ ነዋ። እናቴ የእቁብ ብሯን ሰጠችኝ። የተሰጠኝ አንድ ወረቀት ነው፣ ቀንና ሰዓት ያለበት።

ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፈን ከፊቴ የነበረችው ልጅ ስትነግረኝ እግሬ ከዳኝ። ያ ወረቀት ዲቪ ደርሷል አልደረሰም ብለን የምናይበት ድረገፅ ላይ በነፃ የሚወጣ ነው፣ የሚያስፈልገው ኮንፈርሜሽን ነምበር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ብቻ ነው። የኔ ነምበር ደሞ ከሞላሁበት ቀን ጀምሮ የእናቴ መፅሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቴ የእቁቧን ብር የሰጠችው እዛው ትራስጌዋ ላለ ነገር ነው።

ከፍሎ ማስሞላት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ኢንተርኔት ቤት ገብተሽ ስንት ነው ብለሽ፣ ዋጋው ከፊት ተነግሮሽ፣ የራስሽን ኢሜይል አስገብተሽ፣ ወረቀቱን ፕሪንት አድርገሽ ከወጣሽ ሰውየው ሰርቶ በልቷል፣ ሀላል ነው። ከዚህ ቀደም በሌላ ሰው ኢሜይል ተሞልቶብሽ ከሆነም አትደንግጪ፣ ኬንታኪ ላለው የዲቪ ማዕከል ከራስሽ ኢሜይል ኬዝ ነምበርሽን (መመረጥሽን የሚገልፀው ደብዳቤ ላይ ያለውን)፣ ሙሉ ስምሽንና የትውልድ ቀንሽን ልክ እንደሞላሽው ፅፈሽ ኢሜይሌ ይቀየርልኝ በያቸው። ፎርሙ ላይ የሚስተካከል ነገር ካለም እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። እኔ ይሄን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ኮንፈርሜሽን ነምበሩን ለማንም አትላኪ። ፎርሙን ዛሬ ማታ ራስሽ ክፈቺውና የቆምሽበትን ጥያቄ እዚሁ ፃፊልን። እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እናንተ ጋ ሲነጋ ከስራ እገባለሁ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ፣ ነገ እንዳንቺ የሚጨነቅ ሌላ ሰውም ያገኘዋል። ኢንቦክስ ግን አትምጪ፣ እኔ ጋም ቢሆን።