ፍየሏ ደም አላነሳትም ነበር

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የእንስሳት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አሁን አሁን የደም መቁጠሪያ ማሽን ወደ ክሊኒኮቻችን ሲገባ ሳይ ደስ ይለኛል። እኛ ዓይናችን እስኪደክም ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረን የምንቆጥረውን እናንተ በደቂቃ ታወጡታላችሁ። ይሁንና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የምትታለብ ፍየላቸውን ይዘው መጡ። መኖ እምቢ ብላለች፣ ከስታለች። የነበረን ማሽን ለሰው የተሠራ፣ ያገለገለ ነበር። ደሙን ሰጠሁት። ቀይ የደም ሴል የላትም ለማለት ምንም አልቀረው። ደገምኩት፤ ያው። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ አሁንም ያው። ሦስቴ አንድ ቁጥር ሲሰጠኝ ልቤ አመነ። «ከባድ የደም ማነስ» ብዬ ፈረምኩ። ሐኪሙም ወረቀቱን አይቶ «አትተርፍም» አላቸው። እናትየው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ፍየሏን እየሳቡ ወጡ። በዚያው ቀን ለሥጋ ሸጧት።

አመሻሽ ላይ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን የተረፈውን ደም በቀጭኗ የብርጭቆ ቱቦ ስቦ ሴንትሪፉጅ ውስጥ አሽከረከረው። ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አሳየኝ። ከታች ደማቅ ቀይ፣ መሐል ላይ ስስ ነጭ መስመር፣ ከላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ። ቀይ ሴሎቹ ከደሙ ስንት በመቶ እንደሆኑ (ፒሲቪ የምንለውን) መለኪያው ላይ አስቀምጠን አነበብነው። 29። ለፍየል ጤነኛ ቁጥር ነው። ችግሯ ሌላ ነበር፤ ምን እንደነበር ሳናውቅ ቀረን።

ማሽኑ አልተበላሸም። ነገሩ ማሽኑ ሴል አያይም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዋላስ ኮልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ዛሬም በብዙ ማሽኖች ውስጥ አለ። ሴሎች በጠባብ ቀዳዳ አንድ በአንድ ሲያልፉ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለቅጽበት ያውኩታል። ትልቁ ሴል ብዙ ያውካል፣ ትንሹ ጥቂት። ማሽኑ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ከተሰመረለት ድንበር በላይ ያለውን ቀይ ሴል፣ ከታች ያለውን ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ትንሹ ሴል) ብሎ ይመድባል። የሰው ቀይ ሴል ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር (የሴል ይዘት የሚለካበት እጅግ ትንሽ መለኪያ) ነው። የውሻ ከ60 እስከ 77፣ የከብት ከ40 እስከ 60። የፍየል ግን ከ16 እስከ 25 ብቻ! ለሰው በተሰመረ ድንበር የዚያች ፍየል ቀይ ሴሎች ፕላትሌት ተብለው ተቆጠሩ። ፕላትሌቱ ቦታ ላይ «ከመጠን በላይ» የሚል ምልክት ነበር። አላየሁትም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ደግሞ መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ መኖሩ ነው። ሄሞግሎቢኗ (በቀይ ሴል ውስጥ ያለው የደም ቀለም) 9.7 ይላል። ሄሞግሎቢን የሚለካው ሴሉ ከፈረሰ በኋላ በቀለሙ ስለሆነ የሴሉ ትንሽነት አያሳስተውም። በ3 ሲባዛ ቱቦዋ የሰጠችን 29 ገደማ ይመጣል። ይህችን ስሌት በየወረቀቱ ላይ አስሏት፤ ውጤቷና ፒሲቪው ካልተስማሙ አትፈርሙ። ግመል ላይ ግን አትሠራም፤ የግመል ሞላላ ቀይ ሴሎች ሄሞግሎቢን የታጨቀባቸው ናቸው።

ድመት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፕላትሌቶቿ ትልልቅ ናቸው፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። ማሽኑ «ፕላትሌት አንሷል» ሲላችሁ ወዲያው ደሙን ስላይድ ላይ ቀብታችሁ የቅቡን ጫፍ በማይክሮስኮፕ እዩ። ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። የዶሮ ቀይ ሴል ደግሞ ኒውክለስ ስላለው ብዙ ማሽን ነጭ ሴል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። እሱን በእጅ ቁጠሩ።

አሁን ወደ እናንተ ጥናቶች ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ አዲሱን ማሽን ከቱቦዋ ጋር አወዳድራችሁ «ዝምድናቸው (አብረው የመውጣትና የመውረዳቸው ልክ፣ ሙሉው 1 ነው) 0.98 ነው፣ ስለዚህ ትክክል ነው» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ማሽኑ ሁሌም 4 ነጥብ ዝቅ አድርጎ ቢያነብ እንኳ ዝምድናው ያው ያምራል። ቆላ ወርደን ገንዲ (ደም የሚያሳንሰውን የከብት በሽታ) ስንፈትሽ ፒሲቪው ከ24 በታች የሆነውን ከብት ብዙዎቻችን ደም አንሶታል እንላለን። 27 የሆነውን ጥጃ 23 ካደረገው ያለ ምክንያት መርፌ ይወጋል፣ ገበሬውም ያለ ምክንያት ይከፍላል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ብላንድና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተማሩን ይህንኑ ነው፦ የሁለቱን ልዩነት ከአማካያቸው አንጻር ሣሉት፣ ልዩነቱ በአማካይ ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እዩ። ቢያንስ 40 ናሙና ይኑራችሁ። ደም ያነሳቸውም፣ ጤነኞቹም፣ የበዛባቸውም ይግቡበት። የበግን ከከብት ጋር አትቀላቅሉ። በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ ጨርሱት።

የእጁም ሥራ ፍጹም አይደለም። 100 ነጭ ሴል ቆጥራችሁ 5 ኢኦሲኖፊል (አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት) ብታገኙ፣ እውነተኛው ከ2 እስከ 11 በመቶ መሐል ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በሺዎች ስለሚቆጥር እዚህ ላይ ሊበልጠን ይችላል፤ ሴሉን በትክክል ከለየው። ቱቦዋም ብትሆን ለፍየል ደም ከተለመደው 5 ደቂቃ በላይ መሽከርከር አለባት፤ ትንንሾቹ ሴሎች ቶሎ አይጠቀጠቁም። ደሙን ከመሳባችሁ በፊት ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበትን ቱቦ ቀስ ብላችሁ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ገልብጡት። አትናጡት።

ነገ አንድ ሻጭ አዲስ ማሽን ይዞ ሲመጣ «ለየትኛው እንስሳ ተስተካክሏል?» በሉት። «ለሁሉም» ካለ፣ ከጤነኛ ፍየል ደም ቀድታችሁ እዚያው ያስቆጥርላችሁ። እናንተ ደግሞ አጠገቡ ቱቦዋን አሽከርክሩ።